ለራሳችሁ ፎቶ አንሱ፦ ጀምረው ለሚተዉ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰው ፎቶ ማንሳት ይጀምርና ወር ሳይሞላው ይተወዋል። ነገሩ ሁሌም በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው። ሥራ ይደክማል፣ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ «እስቲ ወጣ ብዬ ፎቶ ላንሳ፣ መንፈሴም ይታደስ» ይባላል። ቅዳሜ ከሰዓት እንጦጦ ወይም ወዳጅነት ፓርክ ይኬዳል፣ ዓይን ያረፈበት ሁሉ ይነሳል፣ ማታ ጋለሪው ሲከፈት መቶ ምናምን ፎቶ ተደርድሯል፣ ደግመው የሚያዩት ግን አንድም የለም። ከዚያ «እኔ ተሰጥኦ የለኝም» ወይም «ስልኬ ነው» ይባላል።

ስልኩ አይደለም። ተሰጥኦም አይደለም። ሰዓቱ ነው፣ ብዛቱ ነው፣ ደግሞም ፎቶው ገና ሳይነሳ «ስለጥፈው ምን ይሉኛል» ማለቱ ነው። ለራስ ደስታ የሚነሳ ፎቶ ሥራው አንድ ነው፦ በየቀኑ የምታልፉበትን ነገር እንደ አዲስ እንድታዩት ማድረግ። ለዚያ ሩቅ አገር አያስፈልግም፤ አንድ ቦታ ረጋ ብሎ መቆም ነው የሚያስፈልገው።

ከታች ያለው በስልክ ለሚያነሳ ሰው የተጻፈ ነው። በቅደም ተከተሉ ሂዱ። በተለይ ደረጃ 3ን አትዝለሉት፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው።

ደረጃ 1፦ በዋዜማው ማታ አዘጋጁ

ጠዋት ላይ ሴቲንግ መነካካት ከጀመራችሁ ጥሩው ብርሃን እናንተን አይጠብቅም። ማታውኑ ጨርሱት።

1. ሌንሱን ጥረጉ። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለው። ፎቶው ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው፣ መብራት ባለበት ሁሉ ረጅም ጨረር የሚዘረጋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። እፍ በሉበትና በመነጽር መጥረጊያ ወይም በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉት። በሶፍት አትፈትጉት።

2. ግሪድ አብሩ። የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ። ሌላ ምንም ባይጠቅማችሁ ፎቶው እንዳይንጋደድ ያግዛችኋል።

3. ፍላሽ አጥፉ። ኦቶ ላይም አትተዉት።

4. ቢዩቲና ፊልተር አጥፉ። ብዙ ስልኮች ላይ ቢዩቲ ሳትነኩት በርቶ ይገኛል። ፊትን ያነጣል፣ ቆዳን ያለሰልሳል፣ የእናታችሁን ፊት የእናታችሁ እንዳይመስል ያደርገዋል።

5. ቦታ አስለቅቁ። 2 ጊጋ ባዶ ቦታ ለአንድ ጠዋት ከበቂ በላይ ነው።

6. ቻርጅ አድርጉ። ማታ ስተኛ እሰካዋለሁ አትበሉ። መብራት ሊሄድ ይችላልና ቤት እንደገባችሁ ሰኩት።

7. ለቤተሰብ ንገሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ስልካችሁ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ይሆናል። ይህን ነገር ቀላል አትበሉት። አንድ የቴሌግራም መልእክት «ጡሩም» ካለ ዓይናችሁ ከመንገዱ ተነስቶ ስክሪኑ ላይ ይቀራል፣ ተመልሶ እስኪረጋጋም ጊዜ ይወስዳል።

ካሜራ ላላችሁ፦ ሞዱን «ኤ» ወይም «ኤቪ» ላይ አድርጉ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 8 ላይ አስቀምጡ፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ኦቶ አድርጉት። የሹተር ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1/250 በታች ከወረደ የሚራመድ ሰው ይደበዝዛል፤ ያኔ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 4 ክፈቱ። አንድ ሌንስ ብቻ ያዙ። ሁለት ሌንስ ይዛችሁ ከወጣችሁ ጠዋቱ ሌንስ በመቀያየር ያልቃል።

ደረጃ 2፦ አንድ ቦታ እና አንድ ሰዓት ምረጡ

ቦታው

ከቤታችሁ በእግር የሚደረስ ይሁን። የሰፈር ጉልት፣ የታክሲ ተራ፣ ሾላ ገበያ አካባቢ ከሆናችሁ የገበያው ጠርዝ፣ ሽሮ ሜዳ ከሆናችሁ የባህል ልብስ ሱቆቹ ፊት። መስፈርቱ ሦስት ነው፦ አንድ ሰዓት ብትቆሙ ማንም «ምን ፈለግክ» የማይላችሁ፣ ፀሐይና ጥላ ጎን ለጎን ያሉበት፣ ሰው የሚመላለስበት።

ለመጀመሪያ ቀን እንጦጦን አትምረጡ። እዚያ ላይ ሆኖ ከተማውን ማየት ለዓይን ግሩም ነው፣ ስልክ ላይ ግን አዲስ አበባ በጭጋግ ውስጥ ያለች ቀጭን መስመር ሆና ነው የምትወጣው። ተስፋ ያስቆርጣል። ገበያ መሀል ገብቶ መጀመርም አይመከርም፤ መርካቶ ለሦስተኛ ወር ይቆይ።

ሰዓቱ

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። አዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣው ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ ከወጣች ደግሞ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ያ ከጎን የሚመጣው ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን የሚቆየው አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ቶሎ ቶሎ ይነጣል። ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለውን ለሰው ፎቶ እርሱት፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ትሆንና የሰው ዓይን ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ከሰዓት መውጣት የሚቀላችሁ ከሆነ ከ11 ሰዓት ጀምሮ እስኪጨልም ያለው ጊዜ የእናንተ ነው።

ክረምት ላይ ይህ ሕግ ይላላል። ከሰኔ እስከ መስከረም መባቻ ሰማዩ ሲደፍን ደመናው ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ እኩለ ቀን ላይም ፊት ማንሳት ይቻላል። «ዝናብ ነው፣ ዛሬ አይሆንም» የሚለው ሰው ዓመቱ ካለው ምርጥ ብርሃን ውስጥ ግማሹን ይጥላል። ዝናቡ እንዳባራ ውጡ፣ አስፋልቱ ገና ውሃ እንደያዘ።

ውጭ አገር ያላችሁ ሰዓቱን ለአገራችሁ አስተካክሉት። ስዊድን ስቶክሆልም በፈረንጆቹ ዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፣ ግን ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብላ ስለምትውል እኩለ ቀንም ለፎቶ ምቹ ነው፤ የምሳ እረፍታችሁን ተጠቀሙበት። ኤምሬትስ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ሰውን ያለፈቃዱ ማንሳት በሕግ ያስጠይቃል። ጥላ፣ ግድግዳ፣ የመስኮት ብርሃን፣ የራሳችሁን ቡና አንሱ።

የማይነሳ

ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ካምፕ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ኤርፖርት፣ ኤምባሲ፣ ጥበቃ የቆመበት የመንግሥት ሕንጻ። ከሩቅም አታንሱ። በፎቶው ጥግ የገባ ጥበቃም ጣጣ ያመጣል። ጥበቃ ካስቆማችሁ ስልኩን ዝቅ አድርጉ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ያነሳችሁትን አሳዩ፣ አጥፉ ካሉ አጥፉ። አትከራከሩ። ለአንድ ፎቶ ብሎ ቀንን ማበላሸት የወጣችሁበትን ዓላማ ያጠፋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ በቅዳሴ ሰዓት አታንሱ፤ በሌላ ሰዓትም አስቀድማችሁ ጠይቁ። መስጊድም እንዲሁ።

ደረጃ 3፦ ደርሳችሁ አሥር ደቂቃ ምንም አታንሱ

ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ቁሙ፣ ወይም ተቀመጡ። የሊስትሮ ወንበር ጥሩ ነው፤ ጫማችሁ እየተጠረገ መንገዱን ታያላችሁ፣ ማንም አይጠረጥራችሁም።

እነዚህን አራት ነገሮች ፈልጉ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? የራሳችሁን ጥላ እዩ። ጥላችሁ ከፊታችሁ ከወደቀ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፤ የምታነሱት ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። ጥላችሁ ወደ ጎን እስኪወድቅ ድረስ ዙሩ።

2. ብርሃኑ የሚያርፍበት ንጹሕ ቦታ የት ነው? የቆርቆሮ አጥር፣ ሰማያዊ በር፣ የሱቅ ግድግዳ። ይህ መድረካችሁ ነው።

3. እዚያ ፊት ምን ያልፋል? ተማሪ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው።

4. ምን ይረብሻል? እኛ ጋ መልሱ ሁሌም ሽቦና ምሰሶ ነው። ከየት ብትቆሙ ከፎቶው እንደሚወጣ አሁኑኑ እወቁ።

አሥር ደቂቃው ይሰለቻል። በአምስተኛው ደቂቃ ላይ «እዚህማ ምንም የለም» የሚል ስሜት ይመጣል፣ ሄዳችሁ ሌላ ቦታ መፈለግ ያምራችኋል። አትሂዱ። ከዚያ በኋላ ነው ዓይን ማየት የሚጀምረው፦ የሻይ ቤቷ ልጅ ብርጭቆ ስታለቀልቅ ውሃው የሚሠራውን መስመር፣ የታክሲው ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጣቱን ሲዘረጋ የሚወድቀውን ጥላ። ድካም የሚለቀውም እዚህ ጋ ነው፣ ፎቶው ገና ሳይነሳ።

አሥር ደቂቃው ካለፈና ምንም ካላያችሁ? መንገዱን ተሻገሩና ከዚያኛው ወገን ለአምስት ደቂቃ እዩ። ብርሃኑ ይገለበጣል።

ደረጃ 4፦ አንድ ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ

1. ስልኩን በሁለት እጅ ያዙ፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ።

2. ከዙም ቁጥሮቹ «1» የሚለው ላይ ሁኑ። በጣት ጎትታችሁ ዙም አታድርጉ፤ ዙም የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ነው። መቅረብ ከፈለጋችሁ ተራመዱ። «0.5» የሚለው ደግሞ ሰፊ ያሳያል፣ ጠርዝ ላይ ያለን ፊት ግን ይለጥጠዋል።

3. ዋናውን ነገር ስክሪኑ ላይ በጣታችሁ ንኩ፣ ጣታችሁን ሳታነሱ ሁለት ሰከንድ ያህል ተጫኑ። ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል።

4. የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። ጣታችሁን ትንሽ ወደ ታች ጎትቱ። ስልክ በራሱ ፈቃድ ሲተው አብዝቶ ያበራል፤ ትንሽ ስታጨልሙት ቀለሙ ይመለሳል። ብዙ ሰው ፎቶው «ሕይወት የለውም» የሚለው ይህችን እንቅስቃሴ ስለማያውቅ ነው።

5. አራቱን ጠርዞች በዓይናችሁ ዙሩ። ግማሽ እግር፣ የተቆረጠ ጭንቅላት፣ የፌስታል ጫፍ፣ ከሰው አናት የበቀለ ምሰሶ ካለ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን።

6. ትንፋሽ አውጡና ተጫኑ። ሰው የሚያልፍ ከሆነ እግሮቹ በተከፈቱበት ቅጽበት።

7. ሦስት ብቻ አንሱ። ከዚያ አንድ እርምጃ ቅረቡና አንድ ጨምሩ። ያቺ አራተኛዋ ብዙ ጊዜ ታሸንፋለች።

8. ስክሪኑን እያያችሁ አትፍረዱ። ያነሳችሁትን ማየት ለቤት ነው።

ለጠዋቱ በሙሉ ከሠላሳ በላይ አታንሱ። ቁጥሩ ጥብቅ ይመስላል፣ ግን ገደብ ከሌለ ዓይን ይሰንፋል፤ «በኋላ እመርጣለሁ» ትላላችሁ፣ በኋላ ደግሞ መምረጡ ሸክም ይሆናል።

ሲበላሽ

ሁሉም ነገር ከደበዘዘ፦ እጃችሁ ተንቀጥቅጧል ወይም ብርሃን አንሷል። ግድግዳ ተደገፉ።

ሰውየው ብቻ ከደበዘዘ፦ እሱ ፈጥኗል። ወደ ብርሃኑ የሚገባበትን ቦታ ቀድማችሁ ቆልፉና እዚያ ሲደርስ ተጫኑ።

ሰማዩ ነጭ ወረቀት ከሆነ፦ ሰማዩን ከፎቶው አውጡት፣ ስልኩን ዝቅ አድርጋችሁ አንሱ። ወይም ተቃራኒውን አድርጉ፦ ሰማዩን ንኩና ቆልፉ፣ ሰውየው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሁን። ሁለቱንም በአንዴ ለማግኘት አትታገሉ።

ደረጃ 5፦ ሰው ማንሳት

ፊቱ የሚለይ ሰው ከሆነ ጠይቁ። ከሩቅ ሰርቆ ማንሳት ፎቶውንም ያበላሻል፤ የተሰረቀ ፊት ጠርጣራ ነው፣ ያስታውቃል።

ስልኩን ሳታወጡ ቅረቡ። መጀመሪያ ሰላምታ። ጉልት ላይ ከሆነ አንድ መደብ ቲማቲም ግዙ። ከዚያ፦

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? አቀማመጥዎ ደስ ብሎኝ ነው፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?»

«ወንድሜ፣ ሥራህን እያየሁ ነበር። ላንሳህ? ለራሴ ነው።»

አሁን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ቲክቶክ ላይ ልትለቀው ነው?» እውነቱን ተናገሩ። አልለጥፍም ካላችሁ አትለጥፉ፤ ፎቶው ምንም ያህል ቢያምር። እምቢ ካሉ «ችግር የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ እለፉ። ሁለተኛ አትለምኑ። ልጆችን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይፈቅድ አታንሱ። ገንዘብ ከጠየቋችሁ ትሰጡ እንደሆነ ቀድማችሁ ወስኑ፤ የማትሰጡ ከሆነ ሳይነሳ ተሰናበቱ፣ ከተነሳ በኋላ መጨቃጨቅ አሳፋሪ ነው።

እሺ ካሉ በኋላ የሚሆነውን እወቁት። ሰው ቀጥ ይላል። እማማ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ፈገግታው ይጠፋል፣ መታወቂያ ፎቶ ይሆናል። አትረብሿቸው፣ ያንን አንሱ። አሳዩአቸው። ይስቃሉ ወይም «ውይ አርጅቻለሁ» ይላሉ፣ ከዚያ ደንበኛ ይመጣና ወደ ሽንኩርታቸው ይመለሳሉ። ሁለተኛውን ያኔ አንሱ።

ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ

ይህ ብዙዎችን የሚያሸንፍ ነገር ነውና ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ነጠላው ፎቶውን ከሞላው ስልኩ «በጣም በርቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊት ይጠቁራል፣ ነጩ ግራጫ ይሆናል። ፊቱን ነክታችሁ ከቆለፋችሁ ደግሞ ነጠላው ከመጠን በላይ ይነጣና ጥለቱም ፈትሉም ይጠፋል። መፍትሔው ከስልኩ በፊት በቦታው ነው። ሰውየውን ከፀሐይ አውጡት፣ በረንዳ ሥር ወይም የበር ደፍ ላይ ይቁም፣ ፊቱ ግን ወደ ውጭ ይዙር። ፊት ለፊቱ ፀሐይ የመታው መሬት ወይም ነጭ ግድግዳ ካለ ከዚያ የሚመለሰው ብርሃን ጠይም ቆዳ ላይ ጉንጭንና ግንባርን ለይቶ ያወጣዋል። አሁን ፊቱን ንኩ፣ ቆልፉ፣ የነጠላው ጥለት እስኪታይ ድረስ ብቻ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ። እዚያ ላይ አቁሙ። ፊቱ በጣም ከጠቆረ ወደ ውጭው አንድ እርምጃ ይጠጋ።

ፖርትሬት ሞድ (ከሰው ጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘው) የሹሩባን ጫፍና የአፍሮን ጠርዝ አብሮ ያደበዝዛል፣ ለእኛ ፀጉር ተስማሚ አይደለም። በተራው ሞድ አንሱና ሰውየውን ከግድግዳው ራቅ አድርጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦ መንገድ ዳር ቆማችሁ ስልክ ዘርግታችሁ አትፍዘዙ። ስልክ ነጣቂ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የእጅ ገመድ ግዙ፣ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ፣ ስታነሱ ብቻ አውጡት።

ደረጃ 6፦ መውጣት ያልቻላችሁ ቀን፣ ቡና

እሑድ ቤት የሚፈላው ቡና ከየትኛውም የፎቶ ኮርስ ይበልጣል። ብርሃን፣ ጢስ፣ እጅ፣ ነጭና ጥቁር በአንድ ረከቦት ላይ አለ። ሰው ግን ከላይ ሆኖ ሲኒዎቹን ብቻ ያነሳና ይጨርሳል።

መጀመሪያ የላይኛውን አምፖል አጥፉ። የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀል ግማሹ ፎቶ ብጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ረከቦቱን ከመስኮቱ ወይም ከተከፈተው በር ሁለት እርምጃ ያህል አድርጉ። ቡና የምታፈላዋን ሰው አስፈቅዱ፤ ቤታችሁ ቢሆንም፣ እህታችሁም ብትሆን።

ጢሱ፦ የእጣን ጢስ የሚታየው ከኋላው ወይም ከጎኑ ሲበራና ከበስተጀርባው ጨለማ ሲሆን ነው። ማጨሻውን በእናንተና በመስኮቱ መሀል፣ ትንሽ ወደ ጎን አስቀምጡት። ከጢሱ ጀርባ ጥላ የያዘ ጥግ ወይም ጥቁር መጋረጃ እንዲገባ ቁመታችሁን ዝቅ አድርጉ። ማጨሻውን ንኩ፣ ቆልፉ፣ በደንብ አጨልሙት። በር ዝጉ፤ ነፋስ ካለ ጢሱ ይበተናል። ጢሱ ካልታየ ስልኩ ላይ ምንም አትንኩ፣ እናንተ ተንቀሳቀሱ።

ሲቀዳ፦ እዚህ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ቡናው ጥቁር ነው፣ ጨለማ ፊት ለፊት ከተቀዳ ቀጭኗ ክር ትጠፋለች። ከጀርባው ነጭ ግድግዳ ወይም መስኮቱ ራሱ ይሁን። ዓይናችሁ በሲኒው ከፍታ እስኪሆን ተንበርከኩ። ፎከሱን ከጀበናው ጡት ሥር ባለችው ሲኒ ላይ ቆልፉ። መቅዳት ሲጀመር አከታትላችሁ አንሱ። የክሯ ቅርጽ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። ሲኒው አብዝቶ በርቶ ክብ ነጭ ነጥብ ከሆነ አጨልሙ፣ የሲኒው አበባ እስኪታይ።

ጢሱንና ቡናውን በአንድ ፎቶ አትፈልጉ። አንዱ ጨለማ፣ አንዱ ብርሃን ነው የሚሻው። አቦል ላይ አንዱን፣ ቶና ላይ ሌላውን አንሱ። በረካ ላይ ስልኩን አስቀምጡና ጠጡ።

ደረጃ 7፦ መምረጥ

በዚያው ቀን አትምረጡ። ቢያንስ ሁለት ቀን ይደር። በዚያው ቀን ስታዩት ፎቶውን ሳይሆን የነበራችሁበትን ስሜት ነው የምታዩት።

1. በፍጥነት አንድ ጊዜ እለፉ። ጣታችሁ የቆመበትን ላይ የልብ ምልክቷን ተጫኑ።
2. ልብ ያገኙትን ብቻ ክፈቱ። ተመሳሳዮቹ ውስጥ አንድ አስቀሩ።
3. አምስት ይቅሩ። ቢበዛ።
4. የደበዘዙትን ሰርዙ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ብዙ ስልኮች ላይ የተሰረዘ ፎቶ ለ30 ቀን ያህል መጣያው ውስጥ ይቆያል።
5. ሦስት ነገር ብቻ አስተካክሉ፦ የተንጋደደውን አቅኑ፣ ጠርዙን ቁረጡ፣ ብርሃኑን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ። በዚህ ካልዳነ ተዉት።
6. ለየአንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ዓይኔ እዚህ ላይ ለምን ቆመ? በሁለተኛው ወር እነዚህን ስታነቡ የራሳችሁን ዓይን ታገኙታላችሁ። አንዱ ሁሌም እጅ ያነሳል፣ ሌላው በር።

አምስቱን ወደ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላኩ፣ ግን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ስልክ ጠፍቶ ሁሉም ፎቶ አብሮ የጠፋበት ሰው ብዙ ነውና ይህችን አትርሱ።

መለጠፍ ካማራችሁ አንድ ወር ቆዩ። ከአንድ ወር በኋላም ከወደዳችሁት ለጥፉ። ላይክ በዚያው ሰዓት መቁጠር ከጀመራችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ የምታነሱት ለሰው ዓይን ይሆናል።

ደረጃ 8፦ አሳጥቡ

አምስት ስድስት ሳምንት ከሄዳችሁ በኋላ ከሁሉም አሥር መርጣችሁ ፎቶ ቤት ሂዱ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ለዚህ መጠን 1200 በ1800 ፒክስል ከተገኘ ጥሩ ነው፣ የስልካችሁ ፎቶ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ የስልክ ፎቶ ቅርጹ 4 ለ3 ነው፣ ወረቀቱ ግን 3 ለ2። ዝም ካላችሁ ማሽኑ በአግድም የተነሳውን ከላይና ከታች ይቆርጣል፣ ጭንቅላት ይሄዳል፤ በቁም የተነሳውን ደግሞ ከግራና ከቀኝ ይቆርጣል። ወይ ራሳችሁ አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ ወይ «ሳትቆርጡ ነጭ ጠርዝ ተዉበት» በሉ። ሁለተኛ፣ ስክሪን በራሱ ያበራል፣ ወረቀት አያበራም፤ ስልክ ላይ ያማረው ጨለም ብሎ ይወጣል። ትንሽ አብሩት። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሳጥባችሁ ውጭ በቀን ብርሃን እዩት፣ ፊት ቀልቶ ወይም አረንጓዴ መስሎ ከሆነ ንገሯቸው፣ ከዚያ ቀሪውን።

ያስፈቀዳችሁትን ሰው ፎቶ ሁለት አሳጥቡ። አንዱ የእሳቸው ነው።

ደረጃ 9፦ ስሜቱ ሲቀዘቅዝ

መቀዝቀዙ አይቀርም። አዲስ ስልክ አትግዙ፣ አዲስ ፓርክም አትፈልጉ። ገደብ ጨምሩ። ከእነዚህ አንዱን ለአንድ ወር ያዙ፦

አንድ ቀለም ብቻ፣ ለምሳሌ ሰማያዊ፤ ታክሲ፣ ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ የተማሪ ዩኒፎርም።
ጥላ ብቻ፣ ባለቤቱ ሳይታይ።
እጅ ብቻ፣ ፊት ሳይገባ። ሰው እሺ ለማለትም ይቀለዋል።
ከአንድ ቦታ አንድ ፎቶ፣ በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት።
ጥቁርና ነጭ ብቻ። ስልኩን ከመነሻው ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጉት፣ በኋላ አትቀይሩ።

እኔ የምመርጠው አራተኛውን ነው፣ በተለይ ሰፈሩ እየፈረሰ እየተሠራ ባለበት ጊዜ። ባለፈው ሳምንት የነበረው አጥር በዚህ ሳምንት ላይኖር ይችላል።

ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካመለጣችሁ ያመለጠውን ለማካካስ ቀኑን ሙሉ አትውጡ፣ በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ተሰላችቶ ይተዋል። በሚመጣው ቅዳሜ ወደዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከደረጃ 3 ጀምሩ።